እስከ አሥራ ሁለተኛው ቁጥር

ፍሥሐ ከአምስተኛ ፎቅ ከወደቀ ስምንት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ገመዳ ግን አንድም ቀን ሄዶ አልጠየቀውም ነበር።

ሆስፒታል ሳለ ሁለት ጊዜ ለመሄድ ተነሥቷል። በመጀመሪያው ቀን እስከ በሩ ደርሶ የጠያቂውን ሰልፍ አየና ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን ከቤቱም አልወጣም፤ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ቀረ። ጉልበቱን እርግጥ ያመዋል። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳውን ዓመት ያሳለፈው ኮተቤ መምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ጠመኔ ይዞ ቆሞ ነው። ያስቀረው ጉልበቱ እንዳልነበረ ግን እሱም ያውቃል፣ ሚስቱ አስቴርም ታውቃለች።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ የቀረችው ሥራ የማክሰኞ ትምህርት ብቻ ነበረች። ከጉርድ ሾላ ዋና መንገድ ገባ ብላ ባለች ትንሽ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ይሰበሰቡና መዝሙረ ዳዊትን ያስተምራቸዋል። ከመጀመሪያው መዝሙር ተነሥቶ፣ በየተራ፣ አንዱንም ሳይዘል፣ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። አካሄዱ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ፣ ዘማሪው ይህን ሲል ምን አግኝቶት ነው ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ፣ ይህ ቃል በጌታ ሕይወት እንዴት ተፈጸመ ይላል። በመጨረሻ፣ እንግዲህ እኛስ እንዴት እንጸልየው ብሎ ይዘጋል። ሰዉ ይወደዋል። ባለሱቁም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም ደብተር ይዞ ነው የሚመጣው።

ፍሥሐና ሚስቱ ሰርክ ከነዚህ መካከል ነበሩ። ፍሥሐ ለሳኝ ነው፤ ሕንፃ ሲሠራ ግድግዳ ይለስናል። ከሥራ በቀጥታ ስለሚመጣ የጣቶቹ መጋጠሚያ ላይ ሲሚንቶ ደርቆ ይታይ ነበር። ሰርክ እዚያው ጉርድ ሾላ የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። ከተጋቡ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ትምህርቱ አልቆ ሰው ሲበተን ሁለቱ ወደ ኋላ ቀሩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» አለ ፍሥሐ።

ለገመዳ ያ ሳምንት ከባድ ነበር። ሁለት ቀብር ውሏል፤ በዚያን ቀንም የታመመ ሰው ጠይቆ ምሳ ሳይበላ ነው የመጣው። ቆሞ ቢሰማም ልቡ የኮተቤ ታክሲ ላይ ነበር።

«የምንሠራበት መወጣጫ አላማረኝም» አለ ፍሥሐ። «ባህር ዛፉ አርጅቷል። ባለፈው ሳምንት ጣውላው ከአንዱ ጓደኛችን እግር ሥር ተሰበረ። ለጥቂት ነው ቋሚውን ይዞ የተረፈው። ለፎርማኑ ስንነግረው ‹የፈራ ይውረድ› አለን። ሥራው ሊያልቅ አንድ ወር ነው የቀረው። ልተወው ወይስ ልጨርሰው እያልኩ ነው።»

«እኔ ተወው ብዬዋለሁ» አለች ሰርክ። «ሌላ ሥራ አይጠፋም።»

ገመዳ ሌላ ቀን ቢሆን ወንበር ስቦ ይቀመጥ ነበር። ስንት ሰው እንደሚሠራ፣ ሌላ ተቋራጭ ያውቅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስፈራው አንድ በአንድ ይጠይቀው ነበር። ያን ቀን ግን ደክሞት ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱን ከፈተና ተራው ገና ያልደረሰውን ዘጠና አንደኛውን መዝሙር አወጣ። ይህን መዝሙር የማያውቅ የለም፤ በየታክሲው መስታወት ላይ ተለጥፏል፣ በየበሩ ተሰቅሏል። ሺህ ሰው በአጠገብህ ቢወድቅ አንተን አያገኝህም ይላል። ገመዳ በቆመበት እያነበበ እስከ አሥራ ሁለተኛው ቁጥር ደረሰ፤ መላእክት እግርህን ድንጋይ እንዳይመታው በእጃቸው ያነሡሃል እስከሚለው። እዚያ ላይ መጽሐፉን ዘጋ።

«ይህ ቃል ያንተ ነው ልጄ» አለው፣ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ። «ስምህን አስገብተህ አንብበው። ነገ ስትወጣ ይህን ይዘህ ውጣ።»

«ቢሆንም ጋሼ . . .» ብላ ጀመረች ሰርክ።

«ሰርክዬ፣ ፍርሃትን ቤትሽ አታስገቢ» አላትና ጸለየላቸው። አጭር ጸሎት ነበር። ከዚያ ታክሲውን ተሳፍሮ ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን ጣውላው ፍሥሐን ይዞት ወረደ። የአሸዋ ክምር ላይ በማረፉ ነፍሱ ተረፈች፤ አከርካሪው ግን ተጎዳ። ከወገቡ በታች አይሰማውም።

ገመዳ ይህን በስልክ ሲሰማ ጫማውን እያሰረ ነበር። አስሮ ሳይጨርስ አልጋው ላይ ተቀመጠና እስኪመሽ እዚያው ዋለ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ማስተማሩን አላቋረጠም። ስለ ፍሥሐ ሲጸለይ ከሁሉም ጋር አሜን ይላል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ጠያቂ ስትልክ ግን ስሙን አያስመዘግብም ነበር።

በሐምሌ መጀመሪያ ተራው ዘጠና አንደኛው መዝሙር ላይ ደረሰ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ለማክሰኞ ሊዘጋጅ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የድሮ ማስታወሻ ደብተሮቹ ውስጥ ሲፈልግ ከሃያ ዓመት በፊት ይህንኑ መዝሙር ያስተማረበትን አገኘ። ጽሑፉ የገዛ እጁ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ጌታን በመቅደሱ ጫፍ ላይ ያቆመው ፈታኝ የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር ነው። ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል አለው። ሲጠቅስ ግን ‹በመንገድህ ሁሉ› የሚለውን ዘሎታል፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው ቁጥር ደርሶም አቁሟል። በአሥራ አምስተኛው ላይ እግዚአብሔር በመከራው ጊዜ ከእርሱ ጋር እሆናለሁ ይላል። መከራ እንደሚመጣ መዝሙሩ ራሱ ያውቃል። ተስፋውን ከመከራው ነጥሎ ማንበብ የፈታኙ አነባበብ ነው።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ገመዳ ደብተሩን አልዘጋውም። እጁን ላዩ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አስቴር ልብስ አጣጥፋ ስትመለስም እንደዚያው ነበር።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«የማክሰኞው አልመጣልኝም።»

መጣችና ከትከሻው በላይ አየች። ማንበቢያ መነጽሯን ስላላደረገች የቱን መዝሙር እንደሚያዘጋጅ ከደብተሩ አላነበበችም፤ ግን ገባት።

«ሳትሄድ አይመጣልህም» አለች።

«ሄጄ ምን እላቸዋለሁ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። አስተማሪው አንተ ነህ።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችውም። ሰኞ ጠዋት ግን ካፖርቱን ከቁም ሳጥን አውጥታ ወንበር ላይ አስቀምጣለት አገኘ።

ፍሥሐና ሰርክ ኮተቤ የተከራዩት ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ በሽተኛ አያወጣም፣ አያወርድም። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ እንጦጦ፣ ፍሥሐ የተወለደበት የእናቱ ቤት ገቡ። ገመዳ ከኮተቤ መገናኛ፣ ከመገናኛ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ ዳገቱን በሚወጣው ሚኒባስ አራት ታክሲ ቀያየረ። እላይ ሲደርስ ጉሙ ወርዶ ዛፉን ከዛፍ አያስለይም። ከእንጦጦ ማርያም በታች የሚወስደውን መንገድ አንድ ጥበቃ አሳየው። ጭቃውን እየመረጠ፣ በየሃያ እርምጃው እየቆመ ወረደ።

በር ላይ ያገኛቸው የፍሥሐ እናት ወይዘሮ ወርቄ ነበሩ። ሰባ ያለፋቸው፣ አጭር፣ ሹራብ ላይ ነጠላ የደረቡ ሴት ናቸው። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ልጃቸው ሲያገባ ቤተ ክርስቲያን መቀየሩን እስካሁን በልባቸው አልተቀበሉትም።

«ማንን ፈለጉ?»

«ፍሥሐን ልጠይቅ ነው እናቴ። ገመዳ እባላለሁ።»

ከላይ እስከ ታች አዩት።

«መምህሩ?»

«አዎ።»

«ስምዎን ሰምቻለሁ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲሁ እውነቱን ነገሩት። «ከእናንተ ቤት ስንቱ መጥቶ ጸልዮ ሄደ። የሚጸልይስ አልጠፋም፤ የሚያገላብጥ ነው ያጣነው። ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

ክፍሉ አንድ ነው። ፍሥሐ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞሮ በጎኑ ተኝቷል። ሰርክ ባልዲ ይዛ ቆማለች። ገመዳ መጀመሪያ አላወቃትም ነበር። ፊቷ ከስቷል፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሰላምታ ስትሰጠው ባልዲውን አላስቀመጠችም።

«እንደምን አደሩ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ፍሥሐ ድምፁን ሲሰማ አንገቱን ሊያዞር ሞከረ። «ጋሼ ናቸው? እንዴ! ጋሼ! በዚህ ጭቃ?»

ደስታው እውነተኛ ነበር። ይህ ገመዳን ከምንም በላይ ጎዳው። ሰርክ ያቀረበችለት በርጩማ ላይ ተቀመጠና ካፖርቱን ሳያወልቅ ተናገረ። መንገድ ላይ ያሰናዳው ንግግር ነበር፤ አንዱንም አላስታወሰውም።

«ይቅርታ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት» አለ።

«ስለቆዩ ነው? ተዉት ጋሼ፣ ዕድሜዎ . . .»

«ለሱም። ግን ለሱ ብቻ አይደለም። ያን ማክሰኞ ስታማክረኝ ደክሞኝ ነበር። ቤቴ መሄድ ነው የፈለግኩት። መዝሙሩን ያነበብኩልህ ነገሩን ቶሎ ለመጨረስ ነው። ያን መዝሙር ፈታኙ ለጌታ እንዴት እንዳነበበለት አውቃለሁ፤ ሰውም አስተምሬበታለሁ። አውቄው ሳለ ልክ እንደሱ አነበብኩልህ። ከፍታ ላይ ለቆመ ሰው አትወድቅም አልኩት። እግዚአብሔር እንዲህ አላለህም። ያልኩህ እኔ ነኝ።»

ፍሥሐ ወደ ግድግዳው እንደተኛ ነው፤ ገመዳ የሚያየው ማጅራቱንና ጆሮውን ብቻ ነበር።

«እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ» አለ። «እኔም ያን ቀን የመጣሁት ውጣ እንዲሉኝ ነበር። ተው ቢሉኝ ኖሮ ውጣ የሚለኝ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። ሥራውን መጨረስ ፈልጌ ነበር። በእርስዎ አላሳበብኩም። አንድም ቀን።»

«እኔ አሳብቤአለሁ» አለች ሰርክ።

ባልዲውን አስቀመጠች።

«እሱ የፈለገውን ይበል። እኔ ግን ያን ቀን ለምኜ ላስቀረው ነበር። ላሳምነው ተቃርቤ ነበር ጋሼ፤ ግማሽ ልቡ ከኔ ጋር ነበር። እርስዎ ጋ እንምጣ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ‹እሳቸው ተው ይሉሃል› ብዬ። እርስዎ ግን ፍርሃትን ቤትሽ አታስገቢ አሉኝ። በባሌ ፊት። እሺ ብዬ አፌን ዘጋሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ምሳውን ቋጥሬ ሰጥቼ ሸኘሁት። ባሌ ሲወጣ እየፈራሁ፣ መፍራቴ ኃጢአት መስሎኝ፣ ለመፍራቴ ንስሐ እየገባሁ።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አልነበራትም።  ወይዘሮ ወርቄ በር ላይ ቆመው ጉሙን ያያሉ።

«እናቴ ጠዋት ጠዋት ዳዊት ትደግማለች» አለ ፍሥሐ፣ ወሬ ለመለወጥ ይመስላል። «እሱኑ መዝሙር።»

«በእኛ አቆጣጠር ዘጠናኛው ነው» አሉ ወይዘሮ ወርቄ ሳይዞሩ።

«እሷ ሙሉውን ነው የምትደግመው። በግዕዝ ስለሆነ በልጅነቴ አይገባኝም ነበር፤ አሁን ተኝቼ ስሰማ ከአማርኛው ጋር አስተያየሁት። ከመላእክቱ በኋላ ይቀጥላል። በመከራው ከሱ ጋር ነኝ ይላል። ያኔ እዚህ ድረስ አላነበቡልኝም።»

«አላነበብኩልህም።»

«‹ከሱ ጋር› ሲል እንዴት ነው ጋሼ? ስምንት ወር ተኝቼ አስባለሁ። አንዳንድ ቀን አለ እላለሁ። አብዛኛውን ቀን ግን ግድግዳው ነው ያለው። እንዴት ነው የሚተረጎመው?»

ሠላሳ ዓመት ሲጠየቅ መልስ አጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ሦስት መልስ ወዲያው ወደ አፉ መጣለት፤ ሦስቱም ጥሩ ነበሩ። አንዱንም ሊናገረው አልቻለም።

«አላውቅም ልጄ» አለ።

ሰርክ የግድግዳውን ሰዓት አየች። «ማዞሪያው ደርሷል» አለች። «ካፖርትዎን ያውልቁና በዚያ በኩል ይያዙልኝ። እማማ ወገባቸውን አሟቸዋል።»

ገመዳ ተነሣ። ሰው አገላብጦ አያውቅም። ሰርክ አሳየችው፤ አንድ እጅ ከትከሻ ሥር፣ አንድ እጅ ከዳሌ ሥር፣ መጎተት የለም፣ ማንሣት ነው፣ ቆዳው አንሶላው ላይ እንዳይፋቅ። ያ ሙሉ ግድግዳ በአንድ ቀን ይለስን የነበረ ሰው እግሩ እንደ እንጨት ቀጥኖ፣ ሲያነሡት ዝልፍልፍ ብሎ ይወድቃል። ጉልበቶቹ መካከል ትራስ አስገቡ። ወገቡ ግርጌ ላይ የመኝታ ቁስል ነበር፤ ሰርክ ፋሻውን ፈትታ ስታጥበው ገመዳ ዓይኑን ሊያነሣ ፈልጎ ነበር፣ አላነሣም። በየሁለት ሰዓቱ ካልዞረ ቁስሉ ይሰፋል አለችው። ቀንም ሌትም። ስምንት ወር ሙሉ ከሁለት ሰዓት በላይ አከታትላ ተኝታ አታውቅም።

«ሲደርስ እኔ አዞረዋለሁ» አለ ገመዳ። «አንቺ ተኚ።»

«ብቻዎን አይችሉም።»

«እትዬ ወርቄ ትራሱን ይይዙልኛል። ተኚ።»

አላመነችውም። አልጋው ግርጌ ያለው ፍራሽ ላይ ለአፍታ ልቀመጥ ብላ ተቀመጠች፤ ግድግዳውን ተደግፋ አፏ በትንሹ ተከፍቶ እንቅልፍ ወሰዳት። ወይዘሮ ወርቄ ጋቢ አለበሷት።

ሰባት ሰዓት ላይ ዞረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዞረ። በሁለተኛው ጊዜ የገመዳ ጉልበት ከድቶት አልጋው ጠርዝ ላይ ሊወድቅ ነበር፤ ፍሥሐ በጠንካራ እጆቹ ክንዱን ይዞ አስቀረው። ሁለቱም ሳቁ፤ ሰርክን እንዳይቀሰቅሱ ሳቃቸውን ዋጡት።

«የቀረውን ያንብቡልኝ እንግዲህ» አለ ፍሥሐ። «ከአሥራ ሦስት ጀምሮ።»

ገመዳ ዝቅ ባለ ድምፅ እስከ መጨረሻው አነበበለት። ምንም ሳይጨምር መጽሐፉን አስቀመጠ። መዝሙሩ የሚያበቃው በረጅም ዕድሜ ተስፋ ነው።

«ረጅም ዕድሜ!» አለ ፍሥሐ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አንሥቶ። «እንዲህ ተኝቼ? እሱን ቁጥር እንኳ ቢተዉልኝ ይሻል ነበር ጋሼ።»

ቀልዱ ውስጥ ያለው ነገር ቀልድ አልነበረም። ገመዳ እጁን ያዘው።

ሰርክ አሥር ተኩል ላይ ነቃች። የት እንዳለች ለማወቅ ጊዜ ፈጀባት። ሰዓቱን፣ ከዚያ ባሏን፣ ከዚያ ሽማግሌውን አየች። አላመሰገነችውም። ቁስሉን ገልጣ አየች፣ ፋሻው እንዳልተንቀሳቀሰ አረጋገጠች፣ ትራሱን በትንሹ አስተካከለች።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ገመዳ ሃያዎቹ ፊት ቆሞ የተለመዱትን ሦስት ጥያቄዎች አልጠየቀም። በኅዳር ያደረገውን ተናገረ። ስማቸውን ሳይጠራ ጀምሮ ነበር፤ ሁሉም እንደሚያውቅ ሲያይ ስማቸውን ጠራ። እኔ እስከ አሥራ ሁለተኛው ቁጥር አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁት አለ። ከዚያ ሙሉውን መዝሙር አነበበላቸውና ተቀመጠ።

ከሃያዎቹ መካከል ማዕዶት የምትባል ሴት ተነሣች። ልጇ ልቧን ታማ የሕክምና ወረፋ ይዛ ትጠብቃለች፤ ይህ መዝሙር ከአልጋዋ ራስጌ ላይ ተለጥፎ እንዳለ ሁሉም ያውቃል።

«ታዲያ እኔ ልጄ ላይ ምን ልጸልይ?» አለች። «ልቅደደው?»

«አትቅደጂው። ጸልዪው፤ እስከ መጨረሻው ጸልዪው። ሐኪሟንም አትተዪ። እግዚአብሔርን የፈለግሽውን ለምኚው፤ ልመና ነው። እኔ ያደረግኩት ግን ልመና አልነበረም። እሱን ወክዬ፣ በሱ ስም፣ ያልሰጠኝን ቃል ሰጠሁ።»

ማዕዶት ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሁለት ሴቶች ተከተሏት። ገመዳ ልጥራት ብሎ አሰበና ተወው።

በዚያው ሳምንት ፓስተር ምንያህል ቤቱ መጣ። አርባ ዓመት ገደማው ነው፤ ማሠልጠኛው ውስጥ የገመዳ ተማሪ ነበር። አክባሪ ሰው ስለሆነ ብዙ ዙሪያውን ሄደ።

«ሰው ተደናግጧል ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ያሉት ስሕተት ነው አላልኩም። ግን ታማሚ አለን፣ ሥራ ያጣ አለን። የሚይዙትን ገመድ ማላላት . . .»

«ገመዱን አላላሁትም፣ ምንያህል። የት እንደታሰረ ነው የነገርኳቸው።»

«እሺ። ለጊዜው ግን ትንሽ ዕረፍት ቢያደርጉ? እህት ወንጌል ለተወሰነ ጊዜ ትተካዎታለች። ወጣት ናት፣ ዝግጁ ናት።»

ገመዳ ሊከራከር አሰበ፤ አቅሙ ግን አልነበረም። «ልክ ነህ» አለ። «ደክሞኛል።»

ፓስተሩ ከወጣ በኋላ አስቴር ብርጭቆዎቹን እያነሣች «ከፋህ?» አለችው።

«አልከፋኝም። አፍራለሁ ብዬ ነበር፤ አላፈርኩም። መተኛት ብቻ ነው የምፈልገው።»

ከዚያ በኋላ ገመዳ ማክሰኞና ዓርብ እንጦጦ መውጣት ጀመረ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ አሥር ሰዓት ላይ ይወርዳል። ሁለት ሳምንት ሰርክ ሁለቱንም ቀን በሙሉ ተኛች። በሦስተኛው ሳምንት ጉርድ ሾላ ወርዳ የድሮ አሠሪዋን አነጋገረች፤ ለሁለቱ ቀናት ብቻ ወደ ሱቁ መለሳት። በሌሎቹ ቀናት የሚመጣ ሰው ለማግኘት ገመዳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብዙ ሰው ለመነ። ሁለት ተማሪዎች ቅዳሜን ያዙ። እሱን የተካችው ወንጌልም አንድ ሐሙስ መጣች፤ ከዚያ በየሳምንቱ መጣች። ማዕዶት አልመጣችም፤ ገመዳን መንገድ ላይ ስታገኘው በሌላው ማዶ ታልፋለች።

ስለ መዝሙሩ ብዙም አላወሩም። ፍሥሐ አንዳንዴ ይጠይቃል፣ ገመዳ አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ አላውቅም ይላል። ወይዘሮ ወርቄ ጠዋት ጠዋት ዳዊታቸውን ሲደግሙ ሁለቱ ዝም ብለው ይሰማሉ። አንድ ቀን ገመዳ፣ «እትዬ፣ ይህን ሲደግሙ ልጄ ይድናል ብለው ነው?» አላቸው።

«እሱንማ በሌላ ጊዜ እለምናለሁ» አሉ። «ይሄ ግን ከናቴ የያዝኩት ነው። ልጄ ደህና ሳለም እደግመው ነበር። ዛሬ ብተወው ምን ይለኛል?» ማን ምን እንደሚላቸው አልተናገሩም፤ ገመዳም አልጠየቀም።

መስከረም ሲጠባ የፍሥሐ ቁስል ጠገገ። ሐኪሙ ወንበር ላይ መቀመጥ ይችላል አለ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ያገለገለ ዊልቼር አገኘችለት፤ ፍሥሐም ደጁ ላይ ፀሐይ ሲወጣ ጉሙ ከዛፎቹ ሲነሣ ቁጭ ብሎ ያያል። እግሮቹ ግን እንደነበሩ ናቸው። ሐኪሙም ሌላ ነገር አላለም። አንዳንድ ቀን ፍሥሐ ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ያን ቀን ገመዳም እያዞረው ብቻ ይውላል።

በጥቅምት አንድ ዓርብ ሰርክ ከሱቅ ቀደም ብላ ተመለሰች። ገመዳ ካፖርቱን ለብሶ ሊወርድ ሲል እስከ መንገዱ ሸኘችው። እስከዚያ ቀን ሸኝታው አታውቅም። ጭቃው ደርቋል፤ ጎን ለጎን በዝግታ ሄዱ።

«ፍሥሐ ይቅር በያቸው ይለኛል» አለች። «ሁልጊዜ ነው የሚለኝ። እየጸለይኩበት ነው። ግን እስካሁን ይቅር አላልኩዎትም ጋሼ። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

«አትዋሺኝ።»

«ፊትዎን ሳይ ያ ማክሰኞ ይመጣብኛል። ከዚያ ደግሞ ሲያዞሩት አይና ይጠፋብኛል። ከዚያ እንደገና ይመጣል።» ቆመች። ደክሟት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የዋለችው። «ማክሰኞ ግን እንዳይቀሩ።»

«አልቀርም» አላት።

ወደ ቤት ተመለሰች። ገመዳ መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ ጠበቀ። ወደ ታች የሚወርዱት ሁሉ ሞልተው ያልፉ ነበር። ግማሽ ሰዓት ከቆመ በኋላ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና ቁልቁለቱን በእግሩ ወደ ሽሮ ሜዳ ጀመረው።